ሦስት ሽቦ በወረታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ጉማራን ሲሻገር ግራ ቀኙ ሩዝ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ሌላው እህል ያልቻለውን ሩዝ ቻለው። ወረታ ላይ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ ይገነጠላል። አገር አቀፉ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ነው። እኔን ያስቆመኝ ግን አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው።

ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማራል፤ ለእረፍት መጥቶ የሩዝ ጆንያ ይሸከማል። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ስንት እንዳመጣ ስጠይቀው «ኤ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

«እንግዲያው የዚህ የመፈልፈያ ሞተር መሐሉ የሚዞረው በምንድን ነው? ኤሌክትሪኩ በየት ይገባለታል?»

«ሽቦ ይገባበታል፣ ጋሼ።»

አባትየው ሳቁ። «የለም! ስንቴ አስከፍቼዋለሁ። ሽቦው የተጠቀለለው ዙሪያውን ነው፤ መሐሉን የሚነካው ሽቦ የለም። ወደ ሞተሩ ከሚመጡት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን ካቀያየርክ ወደ ኋላ ይዞራል። አንዱ ፌዝ ከጠፋ ደግሞ ያጓራል እንጂ አይነሳም፤ ቶሎ ካላጠፋኸው ይቃጠላል።»

ልጁ ማስታወሻዬን ተቀብሎ የፋራዳይን ሕግ ከነኔጌቲቭ ምልክቱ ጻፈልኝ። አንድም አልሳተም። ይሁንና ያ ሕግና የአባቱ ሞተር አንድ ነገር መሆናቸውን ያየው ገና ያኔ ነው። ሦስቱ ፌዝ ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ሲሉ መግነጢሳዊው መስክ ዙሪያውን ይሽከረከራል። የሚለዋወጠው መስክ መሐለኛው ክፍል ላይ ከረንት ይፈጥራል፤ መስኩም ከረንቱን ይዞ ይጎትተዋል። ሁለት ሽቦ ሲቀያየር ተራው ይገለበጣል። አንዱ ሲጠፋ ግን መስኩ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ አይዞርም፤ የቆመን ሞተር የሚያስነሳው ኃይል የለም።

ስልኬ ላይ መግነጢስ የሚለካ አፕ አለ። ደጅ ሆነን ስናየው 36 ማይክሮቴስላ አካባቢ አሳየ፤ የምድር መስክ ነው። ልጁ የመስኩን ቀስት ወደ መሬት በጣም የሚያዘቀዝቅ አድርጎ ሳለው፤ የውጭ መጻሕፍት እንደዚያ ያሳያሉና። ለንደን ላይ መስኩ ከ60 ዲግሪ በላይ ያዘቀዝቃል፤ ፎገራ ላይ ግን የሚያዘቀዝቀው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። የመግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ በ1957-58 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው ቅርበት ነበር።

ስልኩን ወደ ሞተሩ ስናስጠጋው ቁጥሩ ዘሎ ወጣ፣ ይንቀጠቀጥም ጀመር። «ከረንት ስላለ ነው» አለ ልጁ። አባትየው ማብሪያውን አጠፉት፤ ቺንጋው ቀስ እያለ ቆመ። መንቀጥቀጡ ቀረ፣ ቁጥሩ ግን አልወረደም።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ብረቱም የራሱ ፊልድ አለው። ያየነው ተደምሮ ነው» አለ። ሱፐርፖዚሽን የሚሉትን ስንት ጊዜ አስልቶታል፤ ሲደመር ግን አይቶ አያውቅም።

የእሱ ብቻ ችግር አይደለም። በቀለ ጋሼ ደጋ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ ፖቴንሻልና ኢነርጂ የያዟቸውን የተሳሳቱ ሐሳቦች በየዓይነታቸው ለይተዋል። በሌላ ሥራቸውም በኮምፒውተር ሲሙሌሽን እነዚህን ሐሳቦች ማቃናትን ፈትሸዋል። በሌላውም ዓለም የመስክ መስመርን የእውነት ክር አድርጎ የሚያስብ፣ ማግኔት የቆመን ቻርጅ ይገፋል የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ሒሳቡን ይሠራሉ፤ መስኩ በቦታው ምን እያደረገ እንደሆነ ሲጠየቁ ይደናገራሉ።

ስንሰነባበት አባትየው ልጃቸውን «ታዲያ እዚያ ይኼን አያስተምሯችሁም?» አሉት።

«ያስተምሩናል፣ አባዬ። ፈተና ላይ ግን ‹ሽቦው ቢቀያየርስ?› ብሎ የጠየቀን የለም።»