የመጀመሪያው ገዥ

ከካማሺ ወደ አሶሳ በመኪና የሚሄድ ሰው የራሱን ክልል ሳይለቅ መድረስ አይሆንለትም። መጀመሪያ ወደ ወለጋ ይወጣል፤ ነጆን፣ ከዚያም መንዲን ያልፋል፤ ተመልሶ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚገባው ወደ ባምባሲ ሲቃረብ ነው። ወደ ሰሜን ልሂድ ቢል ዓባይ አለ፤ ከወንዙ ማዶ መተከል ነው። በካማሺ ሱቆች የተደረደረው ሳሙና፣ ፓስታ፣ ባትሪ ድንጋይና ዘይት ሁሉ በወለጋ በኩል የመጣ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ዋጋው ይረጋጋል። መንገዱ ሲዘጋ ሳሙናው ይወደዳል፤ ሲሰነብት ጭራሽ ይጠፋል።

የገበያ ቀን ግን ከሩቅ የመጣው ብቻ አይደለም የሚታየው። የጉሙዝ ሴቶች ትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ሸክማቸውን ግራና ቀኝ አመዛዝነው ይመጣሉ። ማዳበሪያ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ማንጎ በመደብ ይደረደራል፤ በርበሬ በሲኒ ይሰፈራል፤ ጨው በትንንሽ ፌስታል ይቋጠራል። ሻጯ ከየመደቡ አናት ላይ ቀላ ያለውን ፍሬ ታስቀምጣለች፤ አንዱ ተንከባሎ ሲወድቅ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ትመልሰዋለች። ሁሉም ነገር የለመደ እጅ ሥራ ይመስላል። እኔ ግን ዓይኔን የሚይዘው ያ እጅ ገና ያልለመደበት ቀን ነው። ይህች ሴት ማዳበሪያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጠፈች ዕለት ምን አለች? ከማን አጠገብ ተቀመጠች? ሰው ቆሞ ዋጋ እስኪጠይቃት ድረስ የት የት ስታይ ቆየች?

በየከተማው «ልጀምር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ወንበሩን አስቧል፣ ቦታውን አይቷል፣ የሱቁን ስም እንኳ አውጥቷል። «ፍሪጅ ልግዛና» ይላል። ፍሪጁ ሲገዛ መብራቱ ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ የክረምቱ ጭቃ ይገባል፤ ክረምቱ ሲወጣ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ይደርሳል። ምክንያቱ ሁሉ እውነተኛ ነው። ይህን ሰው ሰነፍ ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን አልልም። በተለይ በካማሺ አልልም።

ምክንያቱም በካማሺ ማመንታት የመጣው ከትዝታ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የዞኑ ባለሥልጣናት ከስብሰባ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ግጭት በካማሺ ዞንና በአጎራባቹ ወለጋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ቀጣዮቹ ዓመታትም ከባድ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት ከታጣቂዎች ጋር የሰላም ስምምነት እስኪፈራረም ድረስ መንገድ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን ማንም በእርግጠኝነት መናገር አይችልም ነበር። በዚያ ጊዜ ዕቃውን ትቶ የወጣ፣ ተመልሶም ባዶ ግድግዳ ያገኘ ነጋዴ ዛሬ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ሁለቴ ቢያስብ የሚወቅሰው ማን ነው? ማመንታቱ ዋጋ ከፍሎ የተማረው ትምህርት ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ድፈር» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም።

አባባሎቻችንም ወደ ጥንቃቄው ያደላሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ወደፊት የሚገፋው፣ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለው እንኳ «ቀስ» ማለትን አይረሳም። አባቶቻችን ድርቅና ዘመቻ የተፈራረቁበት አገር ሰዎች ናቸውና አልፈርድባቸውም። ሆኖም «ቀስ በቀስ» ማለት መጠበቅ አይደለም፤ መሄድ ነው፤ በትንሹ መሄድ።

ያመነታ ሰው ልብ ውስጥ ሁለት ፍርሃቶች ተደባልቀው ይቀመጣሉ። አንደኛው ገንዘቤን እከስራለሁ የሚለው ነው። ይህ ተቆጥሮ ይታወቃል። ቡና አፍልታ ልትሸጥ ያሰበችውን ሴት እንውሰድ። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ የከሰል ምድጃ፣ ጥቂት በርጩማ፣ ቡና፣ ስኳር፣ ከሰል ያስፈልጋታል። ሥራው ባይሳካ ከእነዚህ የሚቀልጠው ቡናው፣ ስኳሩና ከሰሉ ብቻ ነው። ጀበናውና ሲኒው ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ በርጩማውም እንግዳ ይቀመጥበታል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዕቃ ሲመረጥ «ሥራው ቢቀር ቤቴ ይጠቀምበታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ብልሃት ነው። መልሱ «አዎ» በሆነ ቁጥር ኪሳራው እየጠበበ፣ ፍርሃቱም መጠኑን እየያዘ ይሄዳል። መንገድ በሚዘጋበት አገር ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ይጨመራል፦ «ዕቃዬ ከሩቅ የሚመጣ ነው ወይስ እዚሁ የሚበቅል?» ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ማር፣ ማንጎ፣ ሽመል የነጆ መንገድ ቢዘጋም አይጠፉም።

ማንጎውን ላንሣ። በክልሉ ማንጎ በወቅቱ ይትረፈረፋል፤ ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚበሰብሰው ከሚሸጠው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጭ ተባይ ወደዚህም ተዛምቷል፤ የፍሬውን ልጣጭ ያዥጎረጉርና ገዥ ያሸሽበታል። ልጣጩ ሲነሣ ግን የብዙው ፍሬ ሥጋ ደኅና ነው። ማንጎውን ቆራርጦ፣ ከሽመል በተሠራ ቆጥ ላይ ዘርግቶ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ሸፍኖ በፀሐይ ማድረቅ ይቻላል። ይህን ለመሞከር ጥቂት ፍሬ፣ አንድ ስለታም ቢላዋና ንጹሕ እጅ ይበቃል፤ ፋብሪካ እስኪመጣ መቀመጥ አያስፈልግም። የደረቀው ጣፋጭ ከሆነ ጎረቤት ይቀምሰዋል። ካልጣፈጠ ወይም ከሻገተ የጠፋው ጥቂት ፍሬ ነው፤ የተገኘው ግን ዓመት ሙሉ ሲያስቡት ቢኖሩ የማይገኝ ዕውቀት ነው፤ ስንት ቀን ፀሐይ እንደሚፈልግ፣ ምን ያህል ስስ መሆን እንዳለበት እጅ ተምሯል።

ሁለተኛው ፍርሃት በገንዘብ አይለካም። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነው። ትናንት የመንግሥት ደመወዝተኛ የነበረ ሰው ዛሬ ጉሊት ሲቀመጥ፣ ኮሌጅ የጨረሰ ልጅ ሱቅ በደረቴ አንግቶ ሲወጣ ዓይን ሁሉ ወደ እርሱ የዞረ ይመስለዋል። ይሉኝታው ሥር አለው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም፤ ንጉሡ ነገሩ አዋጅ የሚያስፈልገው ሕመም መሆኑን ማየታቸው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከአዋጁ ይልቅ ልቤን የሚነካው ሌላ ሥራቸው ነው። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲያስከፍቱ ምግብ በገንዘብ መብላት ያልተለመደ ነገር ነበር፤ የሰው ቤት የሚበላው ተጋብዞ ነውና። ሆቴሉ ተከፍቶ በላተኛ ጠፋ። ሲነገር እንደኖረው ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በሉና ሒሳቡን ራሳቸው ከፈሉ፤ እንደዚሁ እያደረጋችሁ ብሉ ብለውም አሳዩ። ሰዉ መምጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሆቴሉ ዛሬም ፒያሳ አጠገብ የጣይቱን ስም ይዞ ቆሟል። ታሪኩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንደነቀው በባለ ሆቴሏ ነው፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን እቴጌ የሆኑ ሴት እንኳ የመጀመሪያ ገዥ አስፈልጓቸዋል።

በዘመናችንም እንዲሁ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት ጫማዋን የጀመረችው ከአሮጌ ጎማ ነበር። የድሃ ጫማ ይባል የነበረውን በረባሶ ከአገር ውጭ በክብር የሚገዛ ሰው እስከማግኘት ደረሰች። ጎማው ያው ጎማ ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

ገዥ እንዲመጣ ግን ሥራው መታየት አለበት፤ ጠላ ቤቶችን ልብ በሉ። በብዙ የደጋ ከተሞችና መንደሮች ጠላ የምትሸጥ ሴት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ከበራፏ ትተክላለች። በቃ፤ ማስታወቂያው ይኸው ነው። ጠላውን ስትጠምቅ ጎረቤት ለበዓል መስሎት ይሆናል፤ ጌሾው ሲወቀጥ፣ ብቅሉ ሲሰጣ ሁሉም የቤት ጉዳይ ነው። ጣሳውን የሰቀለች ሰዓት ግን ነገሩ አደባባይ ወጥቷል፤ ማንም አላፊ አግዳሚ ገብቶ «አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከጥምቀቱ ሁሉ ከባዱ ያ ጣሳ ይመስለኛል። «ልጀምር ነው» የሚል ሰው ሁሉ የራሱን ጣሳ ቢያውቅ ጥሩ ነው፦ ከሐሳብ ወደ ሰው ፊት የሚያወጣውን ያን አንድ ትንሽ ድርጊት። ለአንዱ በካርቶን ላይ «ልብስ እንተኩሳለን» ብሎ መጻፍ ነው፤ ለሌላው በገበያ ቀን ማዳበሪያውን ማንጠፍ ነው። ፍሪጁም ቀለሙም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ገንዘቡስ ቢባል እቁብ አለ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 200 ብር ቢጥሉ እጣ የወጣለት በአንድ ቀን 4,000 ብር ይይዛል። ቀድሞ የወጣለት ዋስ ይጠራል፤ የቸገረው ደግሞ ዳኛውን ለምኖ ተራ የሚለቅለት ያገኛል። የእቁብ ትልቁ ስጦታው ግን ቀን መቁረጡ ነው፤ እጣው ሲወጣ «ፍሪጅ ልግዛና» የሚለው ሰበብ ያበቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ቤት የሌለው ሰው ከብቱን፣ ምርቱን ወይም ማሽኑን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቴሌብር ተጠቃሚ በስልኩ አነስተኛ ብድር ማግኘት ይችላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚለው ምክር እዚህ ላይ ቦታው ነው፦ ገና አንድ ገዥ ያላየ ሥራ በብድር ባይጀመር ይመረጣል። ብድር ያለውን ሥራ ያሰፋል፤ የሌለውን ሥራ ዕዳ ያደርገዋል።

ንግግሬን ሁሉ ወደ ጀማሪው ብቻ ማዞር ግን አድልዎ ነው። ድፍረት ከአንድ ሰው ደረት ብቻ የሚወጣ አድርገን እናወራዋለን፤ ግማሹን ግን የሚያዋጣው ገዥው ነው። በሠፈራችሁ አዲስ ጀበና ሲጣድ ብታዩ አንድ ሲኒ ጠጡ። በመጀመሪያው ቀን ዱቤ አትጠይቁ፤ ዱቤ ለቆየ ወዳጅነት ይቆይ። ቡናው ከቀጠነ ሰው በተሰበሰበበት አትናገሩ፤ ሒሳብ ስትከፍሉ ዝቅ ብላችሁ «እትዬ፣ ትንሽ ወፈር ቢል» በሉ። በሳምንቱም ተመለሱ። የመጀመሪያው ግዢ እንደ ርኅራኄ ሊቆጠር ይችላል፤ ሻጯ ሥራዬ ሥራ ነው ብላ የምታምነው ሁለተኛ ጊዜ ስትመለሱ ነው።

በካማሺ ይህ ጉዳይ ከንግድም ያልፋል። ጉሙዝ፣ ኦሮሞ፣ አማራና በርታ ጎን ለጎን በሚኖሩበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በፈራበት ዓመት ማግስት፣ ሱቁን መልሶ የከፈተ ሰው ደጁ ላይ ሆኖ የሚጠብቀው የወገኑን ልጅ ብቻ አይደለም። ከዚያኛው ወገን የመጣች እናት ገብታ አንድ ሳሙና ስትጠይቅ፣ እርሱም የትናንቱን ዋጋ ሳይጨምር ሲሰጣት፣ ሁለቱም ደፍረዋል። ስምምነት በባለሥልጣናት ይፈረማል፤ የሚጸናው ግን እንዲህ ባለ ትንሽ መገበያየት ነው። እርሱ መዝጊያውን ለመክፈት፣ እርሷ ደፉን ለመርገጥ እያንዳንዳቸው አመንትተው ነበር።

ስለዚህ ያመነታኸው ወንድሜ፣ ያመነታሽው እህቴ፦ ቢጠፋ ቤትህን የማያናጋ፣ ቢጠፋ ቤትሽን የማያናጋ ያህል ብቻ ይዛችሁ በሚመጣው የገበያ ቀን ውጡ። እኛ ደግሞ በዚያው ቀን ዝርዝር ብር ይዘን እንምጣ።