«ዲስኩ ሞቷል» ከማለታችን በፊት

ኮምፒውተር እምቢ ሲል እኛ ዘንድ የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል!» ተከሳሹ ሳይጠየቅ፣ ምስክር ሳይሰማ ይፈረድበታል፡፡ አዲስ ዲስክ ይገዛል፤ ውስጡ ለነበረው ሁሉ ደግሞ «እግዜር ይተካው» ይባላል፡፡ እኛ ሊነክስን ከለመድን ወዲህ ግን ይህን ፍርድ በቀላሉ አንቀበልም፡፡

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው፡፡ ድራይቨር በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና በዲስኩ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው፡፡ አስተርጓሚው ቋንቋውን በቅጡ ካልቻለ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ሳለ መግባባት ያቅታቸዋል፡፡ የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 ሥራውን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ከኤቲ ሃርድ ዲስክ ውጪ ሌላ ምናልባት መቼም እንደማይደግፍ ተናግሮ ነበር፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እጁ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነበር! ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ድራይቨሮችም የተጻፉት ዕቃው በነበራቸው ሰዎች ነው፤ አንዳንዴም ያለ አምራቹ ሰነድ፡፡ ታዲያ ቢደናቀፉ ምን ይገርማል?

በ1998 ዓ.ም. ገደማ አራት ጓደኛሞች በጋራ የምንጠቀምበት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን፡፡ የአንዳችን የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነበር፡፡ ማሽኑ በየደቂቃው ይደርቅ ጀመር፡፡ ጥገና ቤት ወሰድነው፤ «ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» ተባልን፡፡ መልሰን አምጥተን ከርነሉ የሚያወጣቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ አነበብን፡፡ ከስህተቶቹ ጎን ደጋግሞ የሚታየው ቃል «ባድ ሲአርሲ» ነበር፡፡ ትርጉሙም የተላከውና የደረሰው አልተመሳሰሉም ማለት ነው፡፡ ይኸውም መረጃው የተበላሸው ዲስኩ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው፡፡ «አንኮሬክተብል» የሚል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ዲስኩ ራሱ ማንበብ አቅቶታል ማለት ነው፡፡

በኤችዲፓርም ትእዛዝ ዲኤምኤን አጠፋነው፡፡ ማሽኑ እንደ ኤሊ ተንቀረፈፈ፤ ስህተቱ ግን ቆመ! ከሁሉ አስቀድመን ጽሑፉን ሲዲ ላይ ገለበጥነው፡፡ ከዚያ ሽፋኑን ከፍተን ገመዱን አየን፤ ባለ 40 ሽቦ ነው፡፡ በሴኮንድ ከ33 ሜጋባይት በላይ ለሚያስተላልፍ ዲስክ ባለ 80 ሽቦ ያስፈልገዋል፡፡ የተጨመሩት 40 ሽቦዎች መልእክት አይወስዱም፤ ጎረቤታሞቹ እንዳይረባበሹ መካከላቸው ገብተው ይለያሉ፡፡ ድራይቨሩ ገመዱን ሳይለይ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎት ኖሯል፡፡ ገመዱን ቀየርን፤ ዲኤምኤን መለስን፤ «ሟቹ» ሥራውን ቀጠለ፡፡

ወዳጆቻችን፣ የሚጮህ ዲስክ አያስፈራም፡፡ የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው፡፡ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ሲኤምዲ 640 የሚባል የዲስክ መቆጣጠሪያ ቺፕ ነበር፡፡ ሁለቱ መስመሮቹ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ምንም ሳይናገር መረጃ ሊያበላሽ ይችል ነበር፡፡ የሊነክስ ሰዎች ችግሩን አልሸፋፈኑትም፤ ሁለቱ መስመሮች ተራ በተራ እንዲሠሩ የሚያደርግ ማስተካከያ ጻፉ፣ ከርነሉ ሲዘጋጅ በሚቀርቡት ምርጫዎች ውስጥም የቺፑን ስም ጠርተው ለሁሉም በሚታይ ቦታ አስቀመጡት፡፡ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉት ለካ ለኮምፒውተርም ይሠራል!

ያ አሮጌ የአይዲኢ ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ከሊነክስ 5.14 ጀምሮ ከከርነሉ ወጥቷል፡፡ ሥራውን የተረከበው ሊባታ የተባለው አዲሱ ነው፡፡ እነዚያ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ገመዶችም ዛሬ ከአሮጌ ዕቃ መደርደሪያ በቀር ብዙም አይታዩም፡፡ ቅደም ተከተሉ ግን አላረጀም፡፡ መጀመሪያ መልእክቱን አንብቡ፤ ቀጥሎ ፍጥነቱን ቀንሱና መረጃችሁን አውጡ፤ ከዚያ ገመዱን ቀይሩ፡፡ ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለ ያን ጊዜ ለዲስኩ ለቅሶ እንቀመጣለን፡፡