ኬንያ፣ ሶሎሎ ላለችው ልጄ

ውድ ልጄ፣

እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቴን አላነሳውም፤ ከጀመርኩት ወረቀቱን እሱ ብቻ ይጨርሰዋል።

የላክሽልኝን የተማሪዎችሽን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። እንዴት ያለ ድምፅ ነው! አንቺ ግን «ዘፈኑ ሲጀመር ተውኔቱ ይቆምብኛል» ብለሽ ተጨንቀሻል። በልጆቹ አትፍረጂ፤ እኛም ትልልቆቹ እንደዚያው ነን። በየቴአትር ቤቱ ተውኔት በአንድ ክፍል፣ ባህላዊና ዘመናዊ ሙዚቃ በሌላ ክፍል ነው። ተዋናዩ ተናግሮ ይወርዳል፣ ድምፃዊው ወጥቶ ይዘፍናል። ሁለቱንም የሚችል ሰው ከተገኘማ የየትኛው ክፍል ሰው እንደሆነ ግራ ይገባል።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ዜማና ቅኔ ተምረው መጥተው አዲስ አበባ መምህር ሲሆኑ፣ ተውኔቱንም ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው እያዘጋጁ ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ አወጡ። በ1916 ዓ.ም. ከአርባዎቹ የአርመን ሙዚቀኛ ልጆች ጋር ከኢየሩሳሌም የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያንም ዜማ ደራሲ ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪ ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ፣ ዜማው የእሳቸው ነው። ማስተማርና መድረክ ለእነሱ ሁለት ሙያ አልነበሩም። «አንዱን ልተወው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝም መልሴ ይኸው ነው፤ አትተዪ። እኔ ማታ መድረክ ላይ ያልሠራልኝን ነገር ጠዋት ለተማሪ አላስተምርም፤ ማስተማሩን ብተወው ደግሞ ማታ የምሠራውን መመርመር አቆማለሁ።

ዘፈንን ከድርጊት ላለመለየትማ ለእናንተ አብነቱ ደጃችሁ ነው። ለዝግጅት ወደ ሞያሌ ስንወርድ ዱብሉቅ ላይ የቦረናን የቱላ ጉድጓድ አይቻለሁ። ወጣቶቹ ከውኃው ጀምሮ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ የቆዳ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያሻገሩ ይዘፍናሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ባዶው ሲወርድ ሙሉው ይወጣል፤ ዜማው ቢሰበር ባልዲው ይወድቃል። እዚያ ውስጥ «ዘፋኙ ማን ነው? ሠራተኛው ማን ነው?» ብለሽ ልትለዪ አትችዪም። ተማሪዎችሽ ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲመጡ አድርጊ፤ ከኔ ከአዲስ አበባዋ ይበልጥ እነሱ ያውቁታል። ዘፈኑን በቦረንኛ ይተዉት፤ ንግግሩ ስዋሂሊም ቢሆን ምንም አይደል።

አሁን ወደ ሥራው። አንዷ ልጅ ሳንቲም ትያዝ፣ ሌላዋ በዘፈን ብቻ ትለምናት። የያዘችው ከልቧ ካልተረታች አትስጥ። ይህን ሳሠራ አንዱ ተማሪዬ፣ እንደ ሰርግ ዘፋኝ ፊቱን ወደ ሕዝብ አዙሮ የሚገተር ልጅ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሳያስበው የጓደኛውን እጅጌ ይዞ ጎተተ። ያን ጊዜ ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሹም ከሆዱ መጣ። «ከሆድህ ተንፍስ» እያልኩ ብውል አይመጣም ነበር።

ስለ ጉሮሮሽ ደግሞ አደራ። አንቺ መድረክ ያለብሽ ዕለት ለልጆቹ እየዘፈንሽ አታሳዪ። ምቱን አጨብጭቢ፣ ዜማውን ከመካከላቸው የምትችል ልጅ ታውጣው። እዚያ አገር አቧራው ብዙ ነው፤ ከሁካታ በላይ ለመሰማት አትጩሂ። ዝም ብለሽ እጅሽን አንሺ፣ እነሱ ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ላይሉ ይችላሉ፤ ታገሺ።

በርበሬና ቡና በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። ከቡናው ግማሹ የአማትሽ ነው፤ ደብቀሽ እንዳታስቀሪ፣ አውቅሻለሁ። የልጆቹ ዝግጅት ቀን ሲቆረጥ ቀደም ብለሽ ጻፊልኝ። ትርኢት ካልያዘኝ አውቶቡስ ይዤ ሞያሌ ድረስ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ባለቤትሽ ይቀበለኝ።

እናትሽ