ጠማማዋ ጀልባዬ

ከሁሉ አስቀድሞ ኑዛዜ፦ ዋና አልችልም። ከወገቤ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከቤተሰቦቼ ጋር ሲሆን የቧንቧ ውሃ ራሱ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚጎበኘን። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ባለፈው ክረምት «በሪሞት የሚነዳ የእሽቅድምድም ጀልባ ከእንጨት ካልሠራሁ» ብሎ ድርቅ ያለው።

«ከምን?» አለኝ አንዱ ጓደኛዬ።

«ከኮምፔርሳቶ።»

«ለምን?»

ለዚህኛው መልስ አልሰጠሁትም። መልስ አጥቼ አይደለም፤ ማኪያቶ ላይ የሚወራ ስላልነበረ ነው። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

አባቴ ባሕረኛ ነበር። ከ1972 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አሥራ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አገልግሏል። ሥራው መድፍ መተኮስ አልነበረም፤ የጥገና ክፍል ሰው ነው፣ የመርከብ አናጺ በሉት። ምጽዋ ኖሯል። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ተገኝታ «ኢትዮጵያ» የተባለችው፣ ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ የነበረችው መርከብ ላይም ሠርቷል። ምጽዋ የካቲት 1982 በሻዕቢያ ስትያዝ በሕይወት ተርፏል። ግንቦት 1983 ከቀሩት መርከቦች አንዳንዶቹ ወደ የመን ሲሸሹ ደግሞ አንዷ ላይ ነበር። ከዚያ አገሩ ተመለሰ፣ አገሩም ወደብ አልባ ሆነች፣ እሱም አዲስ አበባ ውስጥ የቁም ሳጥን አናጺ ሆነ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከእማዬ ነው። ከእሱ አፍ የሰማሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ያለቀ ነገር»።

ልጆች ሳለን ላንጋኖ ስንሄድ እኛ ስንንቦራጨቅ እሱ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም በቴሌቪዥን ሲነገር ሁላችንም ዞረን አየነው። ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ቀነሰና «ቡና የለም እንዴ?» አለ። አለቀ።

እና እኔ ተንኮል አሰብኩ። ጀልባ ልሥራና ሳሎን መሀል ላስቀምጣት፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ እንዴት ያልፋታል? አልኩ።

*

ነገሩ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ ገንዳ ላይ ሲነዳ የተመለከተው ሕዝብ ዓይኑን ማመን አቅቶት ነበር። ይኸው ከ120 ዓመት በላይ አለፈ፤ እኛ ሰፈር ግን ዛሬም ዓይኑን የሚያምን አልተገኘም።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጀልባ እንደ ዓሣ ነው፤ አጥንት አለው፣ ቆዳ አለው። መጀመሪያ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አከርካሪ ትቆርጣላችሁ። ከዚያ ጎድኖቹን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ትሰካላችሁ። በመጨረሻ ሆዷን በቀጭን ኮምፔርሳቶ ታለብሳላችሁ። ሆዷ የቪ ቅርጽ አለው፤ የእኔዋ በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። ጠፍጣፋ ብትሆን ትፈጥን ነበር፤ ግን ትንሽ ሞገድ ባገኘች ቁጥር እንደ ፌንጣ ትዘላለች። በጣም ብትሾል ደግሞ ሞገዱን ትቆርጣለች፤ ግን ጉልበት ትጨርሳለች። ሃያ ዲግሪ እርቅ ነው።

ኮምፔርሳቶው አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ አልታጠፍ ይላል። መፍትሔው የፈላ ውሃ ነው። እያፈሰሱ፣ በጨርቅ እየጠቀለሉ፣ ቀስ እያሉ ማጠፍ። ኮላው እስኪደርቅ መያዣ ያስፈልጋል፤ ሞርሳ ስለሌለኝ የእማዬን የልብስ መቆንጠጫዎች በሙሉ ወሰድኩ። ለአንድ ሳምንት ልብስ በምን እንደተሰጣ አትጠይቁኝ። ኢፖክሲው ሲመጣማ ባሰ። «ቤቴን ጋራዥ አደረግከው!» አለች እማዬ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ። እውነቷን ነው፣ ግን ኢፖክሲ ካልጠጣ እንጨት ውሃ ይጠጣል።

የነሐስ ቱቦውን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው። ሞተሩን፣ ባትሪውንና ሪሞቱን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ይዞልኝ መጣ። ሞተሩ ከሲጋራ ፓኮ ያንሳል፤ ግን ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል። ባትሪው 11.1 ቮልት ነው። አባዙት፦ ጭነት ሳይኖርበት በደቂቃ 22,200 ዙር። ይህን ጉልበት ወደ ኋላ የሚወስደው የብስክሌት ፍሬን ካቦ የመሰለ የሚለመጥ ዘንግ ነው፤ በግሪስ ተለውሶ በነሐሱ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ሞተሩ እንዳይቃጠል ደግሞ ከኋላ በቀጭን ቱቦ የሐይቁ ውሃ ይገባና አቀዝቅዞት በጎኗ ይወጣል። ጀልባዋ እየሮጠች ትሸናለች ማለት ነው። ሽንቷ ከቆመ ቶሎ ወደ ዳር ጥሯት።

*

አባቴስ? ያልፋል። ለሻይ ሲመጣ ያልፋል፣ ለዜና ሲመጣ ያልፋል። አንድ ቀን እንኳ «ምንድን ነው?» አላለም። ሦስት ሳምንት! ተንኮሌ ከሸፈ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ሆዷን ለብሳ ባለቀች ማግስት፣ ማታ፣ እኔ ቀለም እያማረጥኩ ሳለ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ይዞ ከመኝታ ቤት ወጣ። ጀልባዋን ገለበጣት። አንዱን እንጨት መሀሏ ላይ፣ ሌላውን ጭራዋ ላይ አጋደመ። ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ።

«ተጣማለች» አለ።

እኔም አየሁ። ሁለቱ እንጨቶች እኩል መጋደም ሲገባቸው የኋለኛው በአንድ በኩል ከፍ ብሏል። ለካሁት፤ 3 ሚሊ ሜትር።

«አባዬ፣ 3 ሚሊ እኮ ናት! ቀለም ስትቀባ አትታይም።»

«ለማን ነው የማትታየው?» ብሎ ሊተኛ ገባ።

ተናደድኩ። ስንት ሳምንት ዝም ብሎ፣ ሲናገር እንከን! ቀይ ቀለም ቀባኋት። ደግሞ ታምራለች።

እሁድ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ደረስን። አባቴን «ትመጣለህ?» አላልኩትም። ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 65 ሜትር ያህል ነው። እዚያ የሰጠመ ነገር ሰጠመ ነው። ስለዚህ በሆዷ ውስጥ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ጠቅጥቄያለሁ።

በግማሽ ጉልበት እንዴት እንደሄደች! ጓደኞቼ ጮኹ፣ እኔም ጮኽኩ። የጀልባ እሽቅድምድም ላይ የሚዞረው ወደ ቀኝ ስለሆነ ቀኝ አዞርኳት፤ እሺ አለች። ከዚያ ቀጥታ መስመር አስያዝኳትና ሙሉውን ጉልበት ለቀቅኩት።

እዚህ ላይ ያልገባኝን ነገር ልንገራችሁ። እንዲህ ያለች ጀልባ ስትፈጥን ውሃ ውስጥ አትሄድም፤ ውሃው ላይ ትወጣለች። አፍንጫዋ ይነሳል፣ መሀሏ ይነሳል፣ ውሃ የሚነካት ጭራዋ ጋ ያለው ትንሽ ሆዷ ብቻ ይሆናል። ያ ቦታ ከተጣመመ ከመሪዋ ይልቅ ጠማማው ነው የሚነዳት። ቀስ ስትል የማይታወቅ 3 ሚሊ በሙሉ ፍጥነት ጌታ ይሆናል።

መሪዋን ሳልነካ ወደ ግራ ታጠፈች፣ አንዴ ነጠረች፣ ተገለበጠች። ከዳር 40 ሜትር ርቀት ላይ ቀይ ጀርባዋን ሰጥታን ተንሳፈፈች። እኔ ዋና አልችልም ብያችኋለሁ። አንድ የጀልባ ቀዛፊ እየሳቀ አወጣልን።

*

ቤት ስገባ አባቴ ሳሎን ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፤ ውሃ ታንጠባጥባለች።

«ወዴት ዞረች?»

«ወደ ግራ።»

«ሆዷን አንዱን ጎን አልብሰህ፣ አሳድረህ ነው ሌላውን ያለበስከው?»

ይህንን በምን አወቀ? የደረቀው ጎን አጥንቷን ስቦ አጣሞ ያሳድራል፤ የማግስቱ ኮላ ያንኑ ጠማማ ያጸናል። ዝም ስል ተነሳ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ መላጊያ አወረደና «እንፍታት» አለኝ።

ቀዩን ሆዷን ቀደድነው። እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። አጥንቷን ወፍራም ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ በብሎን አሰርናት፤ እስክታልቅ ከዚያ ላይ አትነሳም ተባለ። ከዚያ እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆነን ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አለበስናት። ሁለት ሳምንት ፈጀብን። እማዬ ስለ ሽታው አንድ ቀን አልተናገረችም።

በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ማታ ዝም ብዬ ጠየቅኩት። «የብረት መርከብ ላይ አናጺ ምን ይሠራል?»

«ብረት ሲቀደድ በምን ትደፍነዋለህ?» አለ። «በእንጨት ነው። ለስላሳ እንጨት። ቀዳዳው ላይ ትመታዋለህ፤ ከዚያ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ራሱ ያጠብቀዋል።» ሽብልቅ በተለያየ መጠን ጠርቦ ከረጢት ሙሉ ያዘጋጅ ነበር። ከአሰብ ሲወጡ ያንን ከረጢት እንጂ ልብሱን አልያዘም።

መላጊያውን እየገፋ ቀጠለ። አንድ ጓደኛው፣ አብሮት የሚሠራ፣ «ሚስቴን ላምጣ» ብሎ ከመርከቧ ወረደ። ጠበቁት። ከዚያ መጠበቅ አልተቻለም። ምን እንደደረሰበት እስከ ዛሬ አያውቅም።

ስሙን ጠራው።

የታናሽ ወንድሜ ስም ነው።

ምንም አላልኩም። መቆንጠጫ አቀበልኩት።

*

ሁለተኛው እሁድ አብሮን መጣ። ቀለም አልቀባናትም። በሙሉ ጉልበት ለቀቅኳት፤ ቀጥ ብላ ሄደች። ስልኬን በላስቲክ አስሬ የጫንኩባት ጊዜ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር መዘገበች፤ በዓለም ካሉት ፈጣኖች ጋር ሲወዳደር ኤሊ ናት፣ ለእኔ ግን ሚግ ናት።

ሪሞቱን ሰጠሁት። «አልፈልግም» ይላል ብዬ ነበር፤ ተቀበለኝ። አላፈጠናትም። እንደ ትልቅ መርከብ ቀስ አድርጎ በሰፊው አዞራት፣ ዳሩ ጋ ስትደርስ ጉልበቷን ቀድሞ ቆርጦ በራሷ ግፊት ብቻ እግሩ ሥር አስጠጋት። ሳትነካ ቆመች።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ የምንጠጣውን የሃይላንድ ውሃ ከፍቶ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ያጥባት ጀመር። ዘንጓን፣ መሪዋን፣ ብሎኖቿን፣ አንድ በአንድ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ሐይቅ ነው፤ የባሕር ጨው የለውም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ማጠቡን ሳያቆም።