ዋሻ ውስጥ ፈርተን፣ ሻይ ቤት የተረጋጋን

ሶፍ ዑመር ስንሄድ ስለ ስኳር እንጽፋለን ያለን ሰው ቢኖር እንስቅበት ነበር። ከሮቤ ተነስተን፣ ጎሮን አልፈን፣ የዌይብ ወንዝ ድንጋዩን ሰርስሮ የሠራውን፣ መተላለፊያዎቹ ተደምረው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝሙትን ዋሻ ልናይ ነበር የሄድነው። ውስጥ ገብተን ብዙ ከተጓዝን በኋላ አስጎብኚያችን ‹‹ባትሪያችሁን አጥፉ›› አለን። አጠፋን። ዓይን መክፈትና መጨፈን አንድ ሆነ። የሚሰማው ወንዙና የየራሳችን ልብ ብቻ ነበር።

ወጥተን ያገኘነው የመጀመሪያው ሻይ ቤት ስንቀመጥ በየብርጭቋችን ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመርን። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ሳቅ ተጀመረ። አንዷ ጓደኛችን ብቻ ያለ ስኳር ትጠጣ ነበር። ‹‹እማዬ ስኳር አለባት›› አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ነገሩ ከነከነንና ማንበብ ጀመርን። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ አድሬናሊን ልቡን ያፈጥነዋል፤ ኮርቲሶል ይከተላል። ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ለመሮጥ ወይም ለመታገል። ሻዩ ሳይመጣ በፊት ስኳሩ ደማችን ውስጥ ነበር ማለት ነው!

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት 19 ሴቶችን ለ12 ቀናት፣ ገሚሱን በስኳር ገሚሱን በአስፓርቴም የጣፈጠ መጠጥ ካጠጣ በኋላ የሚያስጨንቅ የሒሳብ ፈተና ሰጣቸው። ስኳር የጠጡት ኮርቲሶላቸው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ‹‹ስኳር ያረጋጋል›› የምንለው እንዲያው ወሬ ላይሆን ይችላል።

እኛን ያስፈራን ይሄው ነው። ኮርቲሶል ጠላት ሳይሆን ማንቂያ ደወል ነው። በተጨነቅን ቁጥር ደወሉን በጣፋጭ ዝም ካሰኘነው ያስጨነቀን ነገር እዚያው ይቀመጣል፤ እጃችን ግን ወደ ስኳር መሄድን ይለምዳል። ዋሻውስ ሲወጡ ያልቃል። የቤት ኪራይና ሥራ ፍለጋ ግን በየቀኑ አሉ፤ ሻይና ለስላሳውም እንደዚያው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይላችን ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። አምስት በመቶው ለአዋቂ 25 ግራም፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። እኛ በሁለት ብርጭቆ ጨረስነው። የስኳር በሽታ መንስኤው ስኳር መብላት ብቻ አይደለም፤ ጣፋጭ መጠጥ ማዘውተር ግን ሁለተኛውን ዓይነት የመያዝ ዕድልን ይጨምራል።

ያን ቀን ማታ ሮቤ ስንደርስ ጓደኛችንን ስለ እናቷ ጠየቅናት። ለካ ለወራት ብቻዋን ስትጨነቅ ኖራለች። እኛ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ አብረናት ሻይ ስንጠጣ አንድ ቀን አልጠየቅናትም።

ስኳር ትተናል ብለን አንዋሽም። ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ወርደናል። አሁን ግን አንዳችን ሁለተኛውን ማንኪያ ሲያነሳ ‹‹ምን ሆንክ?›› እንለዋለን።