አንድ ነጥብ አምስት

ኬሚስትሪ የገባሁት ቀለም ሲለወጥ ማየት ስለምወድ ነው። ይህን ደፍሬ ተናግሬው አላውቅም። በኪስ የሚያዝ የውሃ መመርመሪያ ወረቀት ልሥራ ብዬ ሳመለክት በውሃ ያለው ፍሎራይድ ቡናማ ስላደረገው የስምጥ ሸለቆ ልጆች ጥርስ በሰፊው ጻፍኩ፤ ልቤ ግን ከቀለሙ ጋር ነበር።

ቀለሙም ያስወድዳል። ዚርኮኒየም ዛይሌኖል ኦሬንጅ ከሚባል ማቅለሚያ ጋር ሲጣመር ወረቀቱ ሮዝ ይሆናል። ፍሎራይድ ሲያገኘው ዚርኮኒየሙን ነጥቆ ይወስድበትና ቢጫ ይሆናል። በተጣራ ውሃ ባዘጋጀኋቸው ናሙናዎች እንከን አልነበረውም። ከመቂ አካባቢ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ላይ ግን ሮዝ እንደሆነ ቀረ፤ የላቦራቶሪው ኤሌክትሮድ የዚያኑ ውሃ ፍሎራይድ ከወሰን በላይ ነው እያለ።

የዚያ አገር ውሃ ባይካርቦኔትና ሶዲየም ይበዛበታል፣ ካልሲየም ያንሰዋል። ካልሲየም ቢኖረው ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጥ ነበር። ባይካርቦኔቱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለውን አሲድ ይጨርሰዋል፤ ማቅለሚያው አሲድ ሲያጣ በራሱ ይቀላል። እንግዲህ ፍሎራይዱን ያከማቸው ያው ጠባይ ወረቀቱንም ያስዋሸዋል፤ ክፉውን ውሃ ደህና ያስመስለዋል። አሲዱን አበዛሁለት፣ ታረመ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሥራው ሁሉ የጣመኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ጉድጓድ ለሚቀዱ እናት ውጤቱን ስነግራቸው የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም መሆኑንም ጨመርኩ። «ባፈላውስ ልጄ?» አሉኝ። ፍሎራይድ አይተንም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ይበዛል እንጂ። «ታዲያ ይሄን ልጅ የቱን ላጠጣው?»

አንድ ጉድጓድ ብቻ ለክቼ ይህን ልመልስላቸው አልችልም ነበር። ተቀራራቢ ጉድጓዶች እንኳ በፍሎራይድ ይለያያሉ። ስለዚህ በመንደሩ ያለውን ውሃ ሁሉ፣ ከቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብም ሩቁን ቦኖም፣ አብረን ለካን። ቋሚ ጥርስ በድዱ ውስጥ የሚሠራው እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ነውና ፍሎራይዱ ዝቅተኛ የሆነው ውሃ ለሕፃናቱ መጠጥና ለወጥ ይሁን፤ ሌላው ለልብስና ለገላ አልን።

ጥያቄያቸው «የቱን ላጠጣው?» ነበርና ወረቀቴንም ቀየርኩት። ደረጃ በደረጃ የሚያሳየውን የቀለም መስፈሪያ ትቼ ከ1.5 በታችና በላይ ብቻ እንዲለይ አደረግሁት። አንድ የሙያ ጓደኛዬ «ግማሽ መሣሪያ» ይለዋል፤ ለመጽሔት ጽሑፍ ከሆነ አልተሳሳተም።

አሁን በእኚያ እናት ቤት የልጁ ጀሪካን ለብቻው ይቀመጣል። በክረምት ከጣሪያ ይሞላል። በበጋ ግን ቦኖው ሩቅ ነው፣ አህያም በኪራይ ነው፤ የኪራዩን ነገር ለውሃ ኮሚቴው አቅርበውታል፣ ገና አልተወሰነም።