ተራው የልጁ ነው



መምህር ከመሆኔ በፊት፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም.፣ የትምህርት ፕሮግራም በሚቀዳበት በአንድ የሬዲዮ ስቱዲዮ የድምፅ ቴክኒሽያን ነበርኩ። ሥራዬም ሚክሰር የሚባለውን የድምፅ ማቀላቀያ መቆጣጠር ነበር። መሣሪያው ቁልፉ ብዙ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ማይክሮፎንና ቴፕ የየራሱ መስመር አለው። ከማይክሮፎን የሚመጣው ኃይል እጅግ ደካማ ስለሆነ በቅድሚያ ይጎለብታል። ከዚያ ቴክኒሽያኑ ተንሸራታቹን ቁልፍ ወደ ላይ ሲገፋ ድምፁ ይጎላል፤ ወደ ታች ሲስብ ይቀንሳል። ዓይኑ ግን ከመርፌዋ አይነቀልም። መርፌዋ ቀዩ ላይ ከቆየች ድምፁ ይሻክራል፤ በጣም ከወረደች ደግሞ ንግግሩ በቴፑ ሽውታ ይዋጣል።

የሬዲዮ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ዝምታን ነው። ጣቢያው ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ካለ አድማጭ «ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ሬዲዮውን መነካካት ይጀምራል። በትምህርት ሬዲዮ ግን ሆን ተብሎ የሚቀዳ ዝምታ አለ። ሬዲዮው ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ ተማሪዎች ይመልሳሉ፤ ቀጥሎ ትክክለኛው መልስ ይሰማል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒካራጓ ውስጥ ለሒሳብ ትምህርት የተሞከረ ሲሆን በአገራችንም የአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ተሰጥቶበታል።

አንድ ቀን አንድ ትምህርት ከተመደበለት ጊዜ በ40 ሰከንድ በለጠ። ወጣቱ አዘጋጅ «ዝምታዎቹ ይቆረጡ፤ እዚያ ላይ ምንም የለም» አለ። ቴፑ በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የ4 ሰከንድ ዝምታ ማለት 76 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቴፕ ነው፤ በምላጭ ቆርጦ መጣል ምንም አይከብድም። አብሮኝ የነበረው አንጋፋ ቴክኒሽያን ግን ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ልጄ፣ እዚያ ላይ እኮ ተማሪው አለ። መቆረጥ ካለበት ሙዚቃው ይቆረጥ» አለው። ሙዚቃው ተቆረጠ።

ይህን ንግግር ደጋግሜ የማስታውሰው እዚህ ሊበን መጥቼ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ነው። የነገሌና የአካባቢዋ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ጥያቄውን ወደ አፍ መፍቻው ይወስዳል፣ መልሱን እዚያ ይፈልጋል፣ ከዚያ እንደገና በእንግሊዝኛ ይዞት ይመለሳል። ይህ ሁሉ መንገድ በአንድ ሰከንድ አይኬድም።

እኛ መምህራን ታዲያ ምን ያህል እንጠብቃለን? ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ «ዘገምተኛ» የተባሉትም መናገር ጀመሩ።

በቦረና ኤላዎች ከብት የሚጠጣው በተራ ነው። ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋም አለ። ጉልበት ያለው መንጋ ስለተጋፋ ብቻ ቀድሞ አይጠጣም። በክፍል ውስጥስ? ፈጥኖ እጁን የሚያወጣው ልጅ ሁልጊዜ ቀድሞ ከጠጣ የኋላ ወንበር ላይ ያለው መቼ ሊደርሰው ነው?

እንግዲህ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ጥያቄውን ጠይቁና በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ስም የምትጠሩት ከዚያ በኋላ ይሁን። አምስቱ ሰከንድ ለእናንተ ይረዝምባችሁ ይሆናል፤ ለሚያስበው ልጅ ግን አጭር ነው። ክፍሉ ጸጥ ሲል አትደንግጡ፤ በራሳችሁ መልስም ለመሙላት አትቸኩሉ።